የዓይንና የጆሮ ጾም፦ ዐቢይ ጾም በደሴና በኮምቦልቻ ካቶሊካውያን ዘንድ

መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በሮም የትንሣኤ እሑድ ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የፋሲካ ቅዳሴ ሲቀደስ፣ የባሕር ዳር–ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ምእመናን ግን ገና የጾሙ አራተኛ እሑድ፣ መጻጉዕ ላይ ነበሩ። እነሱ የፈሰኩት ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻቸው ጋር ነው። ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ ሰው ይህ ግር ይላል፤ ከሮም ጋር በእምነት አንድ የሆነ ምእመን እንዴት ከሮም ጋር ፋሲካን አያከብርም? ደቡብ ወሎን የሚያቅፈውን ይህን ሀገረ ስብከት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከፍለው አቋቋሙት፤ የመጀመሪያው ጳጳስም አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ሆኑ። እንደ ዓዲግራትና እንደ እምድብር ሁሉ የግእዝ ሥርዓት የሚከተል ሀገረ ስብከት ነው። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት ቪካርያቶች ደግሞ የላቲን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ፋሲካን ግን እነሱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያከብራሉ። ስለዚህ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ካቶሊካዊ ዐቢይ ጾም ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሰው፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ቢገልጥ በአብዛኛው የሚያገኘው የላቲኑን ወገን ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ የሁለቱም ሥርዓቶች የጾም ምልክቶች የዓይንና የጆሮ ጾም ናቸው፣ በወሎ ደግሞ ይህን ጾም አስቀድሞ ማስተማር የሚገባው ግእዙ ነው።

በላቲን ሥርዓት ጾሙ ረቡዕ ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ሆሳዕና የተባረከው ዘንባባ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፤ ካህኑ ያንን አመድ በምእመኑ ግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል፣ ሰው ከአፈር እንደተገኘና ወደ አፈር እንደሚመለስም ያሳስበዋል። ከዚያ ረቡዕ እስከ ቀዳሚት ሥዑር 46 ቀናት አሉ፤ ስድስቱ እሑዶች ሲወጡ አርባ ይቀራሉ። አመዱ የሚጨመር ምልክት ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም መቀነስ ነው። ሃሌ ሉያ ከቅዳሴው ይወጣል፤ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ አይሰማም። በእሑድ የሚዘመረው የስብሐት መዝሙር ይቀራል። አበባ ከመንበረ ታቦቱ ዙሪያ ይነሣል፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚፈቀደው የምእመኑን ድምፅ ለመደገፍ ብቻ ነው። የካህኑ ልብስ ሐምራዊ ይሆናል፤ በአራተኛው እሑድ ብቻ፣ ግማሹ መንገድ ስላለፈ፣ ሮዝ መልበስና አበባ ማኖር ይፈቀዳል። በብዙ አገር ከአምስተኛው እሑድ ጀምሮ መስቀሉና ሥዕሎቹ በጨርቅ ይሸፈናሉ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ የስብሐቱ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ደወል ዝም ይላል፤ በብዙ ቦታ በእሱ ፈንታ የሚንቋቋ እንጨት ይመታል። ከቅዳሴው በኋላ ልብሱ ከመንበሩ ላይ ይገፈፋል። ዓርብ ቅዳሴ የለም፤ ምእመኑ የሚቆርበው ሐሙስ የተቀደሰውን ነው። እንዲህ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነሣ ሲሄድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በስቅለት ዕለት ባዶ ግድግዳና ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የመቀነሱ ምክንያት ከአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የተረፈ አንድ ዕቃ ሲታይ ይገለጣል። በጀርመንና በኦስትሪያ አብያተ ክርስቲያናት በጾም ወራት መንበሩን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ ትልቅ ጨርቅ ይሰቀል ነበር፤ ሕዝቡም የረሃብ ጨርቅ ይለው ነበር። በጀርመን ዚታው ከተማ የሚገኘው በ1472 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ ከዓለም ፍጥረት እስከ ፍርድ ቀን ያለውን ታሪክ በ90 ሥዕሎች ያሳያል። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ከሥጋና ከወተት ይከለከል ነበር፤ ጨርቁም ዓይንን ከመንበሩ ከለከለ። ማዕዱና መንበሩ አብረው ጾሙ ማለት ነው። ጾም ለአፍ ብቻ አይደለም የሚለው ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር አንባቢ አዲስ አይሆንም፤ ለቅዱስ ያሬድ በሚሰጠው የጾም ዜማ መጽሐፍ፣ በጾመ ድጓ፣ ውስጥ የታወቀ ነው።

ወደ ግእዙ ስንመለስ ቅርጹ ይለያል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው። ጾሙ ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ርዝመቱ 55 ቀን ነው፤ ስምንቱ የሕርቃል ጾም የሚባለው፣ አርባው ጌታ በገዳም የጾመው፣ ሰባቱ ሕማማት። ጾሙ ሰኞ ስለሚገባ የላቲኑ የአመድ ረቡዕ ለዚህ አቆጣጠር አይገጥምም፤ የሊባኖስ ማሮናውያን፣ እነሱም ምሥራቃውያን ካቶሊኮች፣ ጾማቸውን ሰኞ ስለሚጀምሩ አመዱን የሚቀበሉት ሰኞ ነው። በግእዙ ትውፊት የጾሙን መግባት ከሁሉ በፊት የሚያበስረው ጆሮ ነው። ከበሮና ጸናጽል ይቆማሉ። ድጓው ተዘግቶ ጾመ ድጓ ይከፈታል፤ ዜማው በቁም ይዜማል፣ ወይም በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። በበዓል ቀን ከበሮ ሰውነቱን ሲያነሣው የኖረ ሰው ያንን ዝምታ ሳይነግሩት ያውቀዋል። የላቲኑ ደወል ዝም የሚለው ለሁለት ቀን ነው፤ የግእዙ ከበሮ ግን ለስምንት ሳምንት። የጾም ቅዳሴም ከቀትር በኋላ ይዘገያል፤ ሰዓቱ ራሱ የጾሙ አካል ሆኖ ምእመኑን በባዶ ሆድ ያቆመዋል። ዓይንን በተመለከተ ደግሞ ግእዙ ቀድሞም መጋረጃ አለው፤ መቅደሱ ዓመቱን ሙሉ የተከለለ ነው። ላቲኑ በጾም ብቻ ያደረገውን መሸፈን ግእዙ የዘወትር ልማዱ ስላደረገው፣ በሕማማት ለውጡ በቀለም ይመጣል፤ መጋረጃው ጥቁር ይሆናል። በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፤ ሰላምታ መለዋወጥም ይቀራል፣ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና። ግብረ ሕማማት ይነበባል። ዓርብ ስግደቱ እስከ ማታ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረገ ያሰናብተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ይታደላል።

ከምልክቶቹ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። ላቲኑ አመድ በሚቀባበት ረቡዕ የሚያነበው ወንጌል ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ነው፤ ግእዙ በሁለተኛው እሑድ፣ በቅድስት፣ የሚያነበውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ጌታ ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ለሰው እንደምትጾሙ አትታዩ የሚልበት ክፍል ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚቀርበው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ግንባርን አመድ ቀብቶ፣ ጥቁር መጋረጃ ሰቅሎ፣ መሬት ላይ እየወደቁ መስገድ ለሰው መታየት አይደለምን? ተቃውሞውን በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ አመዱን ሳያጥብ ገበያ የሚውል ሰው ለምን እንዳላጠበው ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ወንጌሉ የሚከለክለው አንዱ ከሌላው በልጦ መታየቱን ነው። የከበሮ ዝምታ ማንንም ከማንም አያስበልጥም፤ ቄሱም፣ ደብተራውም፣ ሕፃኑም እኩል ዝም ይላሉ። የተሸፈነ ሥዕል ለጻድቁም ለኃጥኡም እኩል ተሸፍኗል። የጋራ ምልክት ግለሰቡን ከጉራ ይጠብቀዋል እንጂ ወደ ጉራ አይገፋውም። በዚህ ሚዛን ከአመዱ ይልቅ ዝምታው ከወንጌሉ ጋር ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ነጥብ ማዕዱ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ በላቲን ሥርዓት የጾም ግዴታ በሁለት ቀን፣ በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ፣ ተወሰነ፤ በቀሩት ዓርቦች ከሥጋ መከልከል ብቻ ቀረ። ዓላማው ንስሐን ከሕግ ወደ ልብና ወደ ምጽዋት ማምጣት ነበር፤ መልካም ዓላማ ነው። ውጤቱ ግን ምልክቱ ከማዕዱ መለየቱ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ሐምራዊ ለብሶ ሲጾም ቤቱ እንደ ወትሮው ይበላል። በወሎ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍቱ ማዕዱን ይይዛሉ፤ ወተትና እንቁላል ከክርስቲያኑ ጓዳ ይወጣሉ። እዚህ ምልክቱ የሚተረጉመው ረሃብ አለው። ስለዚህ የሌላ አገር ምልክቶችን ወደ ደሴ ማምጣት ጾሙን አያጠነክረውም፤ ጾሙ አስቀድሞ በጓዳው ውስጥ አለና።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ሁሉ የኦርቶዶክስ ልማድ አይደለምን? ካቶሊኩ የራሱ ምን አለው? ጥያቄው ቁጣም ትዝብትም ሊኖርበት ይችላል፣ ታሪካዊ ምክንያትም አለው። በ1625 እ.ኤ.አ. የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቅዳሴውን፣ ጾሙንና የበዓላቱን አቆጣጠር ወደ ሮም ልማድ ለመለወጥ ሞከሩ። አገሪቱ ደም ተፋሰሰች፤ ንጉሡ በ1632 የሕዝቡን የቀድሞ እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከሃይማኖቱ ክርክር እኩል ሕዝቡን ያስቆጣው የጾሙና የበዓሉ መነካት ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ዓድዋ የገቡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ከዚያ ስሕተት ተምረዋል፤ የግእዙን ሥርዓት ተቀብለው እንደ አገሩ ካህናት ኖሩ። ከእሳቸው ጋር የተሰለፉት ጎጃሜው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር ላይ ሳሉ ሲሞቱ የግእዝ ሊቅ እንደሆኑ ሞቱ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። ከዚያም ወደ ኋላ ቢኬድ፣ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. የታተመው በሮም በኢትዮጵያዊው መነኩሴ በአባ ተስፋ ጽዮን ነው፤ የቅዳሴው ጸሎትም አብሮ ታትሟል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ በኅዳር 1964 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ውሳኔ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ፣ ከአባቶቻቸው ልማድ ርቀው ከነበሩም እንዲመለሱ አዘዘ። እንግዲህ ካቶሊኩ ጾመ ድጓን ሲይዝ የሰው ንብረት እየወሰደ አይደለም፤ የአባቶቹን ርስት ከወንድሙ ጋር ይካፈላል። በሮም ሥልጣንና በሌሎች ነገሮች ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ በጋራ ከበሮ ዝምታ አይሸፈንም፣ እንዲሸፈንም አልመኝም።

ስለ ፍኖተ መስቀልም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ዘንድ በጾም ዓርቦች በጣም የተወደደ ጸሎት ነውና። ኢየሩሳሌም ያሉ ፍራንቸስካውያን ያስፋፉት ይህ ጸሎት 14 ማረፊያዎች አሉት፤ ቁጥሩ የጸናው በ1731 እ.ኤ.አ. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ ዘመን ነው። ምንጩ ላቲን ስለሆነ ይውጣ የሚል አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሕዝቡ በእንባ የሚጸልየውን ጸሎት ለንጽሕና ሲባል መንጠቅ የሜንዴዝን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ነው። ፍኖተ መስቀል ሰውን በእግሩ ከሕማሙ ጋር ያስኬዳል፤ ግእዙ በስግደት የሚያደርገውን በሌላ አካል ያደርጋል። ጉዳት የሚመጣው የዓርብ ጸሎት ፍኖተ መስቀል ብቻ ሆኖ፣ ልጆች 14ቱን ማረፊያ በቃላቸው እየያዙ የስምንቱን እሑዶች ስም ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና መጥራት ሲያቅታቸው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ሁሉ የተመቹ ከተሞች ናቸው፤ ጾም ለጎረቤት ማስረዳት የማያስፈልግባቸው ናቸውና። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ገቡ። ሃይማኖቱም የጾሙ ሥርዓትም የተለያየ ነው፤ ሰውነት ሲጾም ነፍስ ትሰማለች የሚለውን ግን ከወሎ ሰው የሚክድ የለም። ጥቂቱ ካቶሊክ በእንዲህ ያለ አገር ጾሙን በውጭ አገር ቋንቋ እንዲያስረዳ አይገባም። ስለዚህ ለቁምስና ካህናትና ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ በሚመጣው ሁዳዴ ለልጆቹ አስቀድማችሁ ከበሮው ለምን እንደቆመ፣ መጋረጃው ለምን እንደጠቆረ፣ ቅዳሴው ለምን እንደዘገየ ንገሯቸው። ስለ አመዱና ስለ ሐምራዊው ልብስ ከዚያ በኋላ ይማራሉ።