ርቀቱን የጠበቀ መደብ

ሰልፍ የተማረ ወታደር ሁሉ ርቀት መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ክፍተቱ የጠፋበት ሰልፍ ሰዎቹ ቢበዙም እርስ በርሱ ይደናቀፋል እንጂ አይራመድም። ይኸው ደንብ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ በምትገኘው የአትክልት መደብ ላይም የሚሠራ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ባለቤቷ ለግዳጅ ሲለያት ልጆቿን ይዛ በካምፕ የቀረች እመቤት፣ ከደመወዙ ለጎመንና ለሰላጣ የሚወጣውን ለማትረፍ ስትል ጓሮዋን ትቆፍራለች። ውኃውን በጀሪካን የምታመላልሰውም እርሷው ናት። ይህን ያህል ደክማ ያበቀለችውን ችግኝ ንቀይ ቢሏት እጇ እሺ አይላትም። «የበቀለ ሁሉ ይደግ» ትላለች። ርኅራኄዋ የሚያስመሰግን ቢሆንም ድካሟን ከንቱ የሚያስቀርባት ይኸው ርኅራኄ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ 6 ካሬ ሜትር ነው። ሰላጣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከልበት 600፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ 150፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ 64 ያህል ችግኝ ይይዛል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው 600ውን ይመርጣል። ነገር ግን ብርሃኑም፣ ውኃውም፣ የአፈሩ ምግብም የአንድ መደብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ተክሉ ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ተክሉ እየተጠጋጋ ሲሄድ ከመደቡ የሚገኘው ጠቅላላ ክብደት በመጀመሪያ ይጨምራል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ግን ጭማሪው ይቆማል። ቅጠሉ ይቀጭጫል፤ የሚጠቀልለው ዐይነት ሳይጠቀልል ይቀራል፤ ነፋስ የማያገኘው የታችኛው ቅጠልም በእርጥበት ይበሰብሳል።

ስለዚህ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ለሚበላው ሰላጣ አንድ ስንዝር፣ ለሚጠቀልለው ሰላጣና ለቆስጣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ለጥቅል ጎመን ግን አንድ ክንድ ያህል መተው ይበጃል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቦታ ባዶውን ይቅር?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ባዶውን አይቀርም። የጥቅል ጎመን ችግኝ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላ ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ 3 ወር ያህል ሲፈጅ፣ ሰላጣ በ2 ወር ገደማ ይደርሳል። በዚያው መደብ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት መስመሮች ተሠርተው ጎመኑ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል 20 ራስ ይሆናል። በመስመሮቹ መካከል አንድ መስመር ሰላጣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በዚያው ቀን ቢገባ ሌላ 20 ይገኛል። ጎመኑ ገና ትንሽ ሳለ ያልተጠቀመበትን ቦታ ሰላጣው ይዋሰዋል፤ ጎመኑ ቅጠሉን ሲዘረጋ ሰላጣው ማዕድ ላይ ቀርቧል።

አሰባጥሮ መትከል ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር ታላላቅ ዛፎች ለእንሰቱ፣ እንሰቱም ለቡናው ጥላ ይሆናሉ። በቆላ ካምፕ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ከዚህ ትምህርት ያገኛሉ። ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት ፈጥኖ ወደ አበባ ይሄድና ይመራል፤ በበቆሎ መስመሮች መካከል ከፊል ጥላ ሲያገኝ ግን ይህ ጉዳት ይቀንስለታል።

እንግዲህ ችግኝ ማሳሳት ማባከን አይደለም። ከሥሩ በጥንቃቄ የወጣው ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል፤ የቀረው ለጋ ቅጠል በንጹሕ ውኃ በደንብ ታጥቦ ይበላል። ሰላጣ በጥሬው የሚበላ በመሆኑም ትኩስ እበትና የፍሳሽ ውኃ ሊነካው አይገባም፤ ሕፃናት የሚታመሙት ከዚህ ነውና።

የበቀለውን ለመንቀል እጅ እምቢ ሲል፣ ከስድስት መቶው ቀጫጫ ይልቅ ልጆቹን የሚያጠግበው ቦታውን ያገኘው መሆኑን ማሰብ ይበቃል።