እውነት ወይስ ተረት? «ምርጫ ጥያቄ የሚለካው ሽምደዳን ብቻ ነው»

ለጀማሪ የኮሌጅ ተማሪዎች የምድር ሳይንስ ፈተና የሚያወጡ መምህራን ይህን አባባል ደጋግመው ይሰማሉ። ተረት ነው። ጥፋቱ ያለው በጥያቄው አወጣጥ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት የጅቡቲው ፔካ 12 አካባቢ ያደገ ተማሪ ስለ አሳል ሐይቅ ሳይሰማ አይቀርም። «ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ስንት ሜትር ነው?» ብንለው 155 ገደማ ብሎ ያልፋል፤ ማስታወሱን እንጂ መረዳቱን አላወቅንም። ጥያቄውን እንዲህ እንለውጠው፦ «ዝናብ ብርቅ ነው፣ ትነቱ ብርቱ ነው፤ ታዲያ ሐይቁ ለምን አልደረቀም?» አሁን ማሰብ ግድ ነው። መልሱ ጉቤት ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ በአለት ስንጥቆች ሰርጎ የሚገባው ውሃ ነው። ጨዉን የሚተወውም እሱ ነው።

ተረት፦ «የተሳሳቱትን ምርጫዎች መምህሩ ከራሱ ይፈጥራቸዋል።»

ብዙ ፈተና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካውያኑ ጁሊ ሊባርኪንና ስቲቨን አንደርሰን ለመግቢያ ኮርሶች የጥያቄ ስብስብ ሲያዘጋጁ መጀመሪያ ያደረጉት ተማሪዎችን ማነጋገርና በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ መጠየቅ ነበር። የተሳሳቱት ምርጫዎች የመጡት ከተማሪዎቹ አፍ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ያሳስባል፦ ኮርሱን ከጨረሱ በኋላም የብዙዎቹ ግንዛቤ ያን ያህል አልተለወጠም።

በእኛ አካባቢም ተማሪን ብንጠይቅ «እሳተ ገሞራ የሚመጣው ከምድር መሐል ነው» የሚል እናገኛለን። ይህ ሐሳብ ከምርጫዎቹ አንዱ መሆን አለበት። ቅልጡ አለት የሚመነጨው ግን ከምድር እምብርት በእጅጉ ከፍ ብሎ ነው፤ ጠጣሩ አለት ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስለት ይቀልጣል።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን ከአፋር ምድር የሚወጣው ነው። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። መማሪያ መጻሕፍት ደግሞ እዚያ ያሉት የምድር ቅርፊት ሳህኖች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ ይላሉ። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? «መለኪያው ተሳስቷል» የሚል ምርጫ ይኑር፤ «ሳህኖቹ ፍጥነት ጨመሩ» የሚልም ይኑር። የተረዳ ተማሪ 8 ሜትርን ለ2 ሴንቲ ሜትር ያካፍላል፣ 400 ዓመት ያገኛል፣ ለዘመናት የተጠራቀመው ውጥረት ቅልጡ አለት ከሥር ሲገባ በአንዴ መለቀቁን ይደርስበታል።

ተረት፦ «ብዙ ተማሪ የሚጥል ጥያቄ ጠንካራ ጥያቄ ነው።»

አይደለም። ማን እንደሚሳሳትም መታየት አለበት፦ ጎበዞቹ ከደካሞቹ በባሰ የሚሳሳቱበት ጥያቄ ሌላ ችግር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ነው። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ፣ የኢትዮጵያዎቹ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ተማሪው ግን በቤቱ አማርኛ፣ አፋርኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄው ከመታተሙ በፊት ጥቂት ተማሪዎች ያንብቡት፣ ምን እንደተጠየቁም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያስረዱ። የተረዱት መምህሩ ካሰበው የተለየ ከሆነ የሚታረመው ጥያቄው ነው።