የአቀንጭራን ጠባይ ከፎቶግራፍ ላይ ስለ መለካት

ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ በዝናም ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራባት፥ ጥቁር መረሬ መሬት የከበባት ከተማ ናት። በዚያ አገር ማሽላው አምሮ ከበቀለ በኋላ ያለ ድርቅ ሲጠወልግ ገበሬው ጠላቱ ከመሬት በታች መሆኑን ያውቃል። ይኸውም እኛ አቀንጭራ፥ ሱዳኖች ቡዳ የሚሉት አረም ነው። አበባው በታየ ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ ያህል ነው። አንዱ ተክል በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። ነገር ግን የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ረቂቅ ንጥረ ነገር ካልቀሰቀሰው አይበቅልም። ስለዚህ ይህን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ቢዘራ አብዛኛው አቀንጭራ እንደ ተኛ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ማሽላ ለመለየት ዶክተር ገቢሳ እጄታና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አስታወቁ። እርሳቸው ቀደም ሲል በሱዳን ሠርተው በ1983 ሐጂን ዱራ 1 የተባለውን ድቅል ማሽላ ያስገኙ፥ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው። ዘዴውም፥ አጋር የተባለውን የሚረጋ ፈሳሽ ከአቀንጭራ ዘር ጋር በሳሕን አፍስሶ የበቀለ የማሽላ ፍሬ በውስጡ መትከል ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከማሽላው ሥር እስከ ሩቁ የበቀለ የአቀንጭራ ዘር ድረስ ያለው ርቀት ይለካል። ከ10 ሚሊ ሜትር ካነሰ ማሽላው ተስፋ ይጣልበታል።

ነገር ግን ብዙ መቶ ሳሕን በማስመሪያ ሲለካ ዓይን ይደክማል፤ የሁለት ሰዎችም ልኬት አይገጥምም። የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ደግሞ መልካሙን ዘር ሊያስጥል ይችላል። ስለዚህ ሳሕኑን ከማስመሪያ ጋር በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ማንሣትና ልኬቱን ለኮምፕዩተር መስጠት ይቻላል። ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ዌይን ራስባንድ ያዘጋጁት ኢሜጅ ጄ የተባለው ፕሮግራም ለማንም በነጻ ይገኛል። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ከተጻፈለት ለሳሕኖቹ ሁሉ ሳይሰለች ይፈጽመዋል።

ትእዛዙ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፥ በማስመሪያው አማካይነት በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት የፎቶግራፍ ነጥብ እንዳለ ይቈጥራል። ሁለተኛ፥ ከሥሩ ወደ ውጭ ብዙ መሥመሮች እያሰመረ በየነጥቡ ያለውን የብርሃን መጠን ይመዘግባል፤ የበቀለው አቀንጭራ ነጭ ሥር ያበራልና በማሽላው ሥር አጠገብ ብርሃኑ ይበዛል፥ እየራቀም ሲሄድ ያንሳል። ሦስተኛ፥ ወጣ ገባ በሆነው መዝገብ ላይ አንድ ለስላሳ ኩርባ ያስማማና ብርሃኑ በግማሽ የቀነሰበትን ርቀት ያነባል።

ይሁን እንጂ ይህ ርቀት በእጅ ከሚለካው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ አቀንጭራን በመቋቋም የታወቀው ኤስ አር ኤን 39 የተባለው ማሽላና በቀላሉ የሚጠቃ ሌላ ማሽላ አስቀድመው በሁለቱም መንገድ ይለኩ። ደግሞም ኮምፕዩተር በአየር አረፋና በሻጋታ ላይ እንኳ ኩርባ ያሰምራልና፥ ኩርባው ከነጥቦቹ ጋር መግጠሙን ሰው በዓይኑ አይቶ ያልገጠመውን ይጣል።

የተመረጠው ዘር ከሳሕን ወጥቶ ማሳ እስኪደርስ ግን ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ የዶካም ሆነ የመተማ ገበሬ አቀንጭራውን ዘር ከመጣሉ በፊት መንቀልን አይዘንጋ።