ሐድራዊ፦ የኋለኛው ዘመን ግጥሞቹና በቤታችን ያሉት ካሴቶች



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ሰው በጅጅጋም ሆነ እዚህ በአፍደም ስሙ እንግዳ አይደለም። ሙሐመድ ኢብራሂም ወርሰሜ፣ በቅጽል ስሙ ሐድራዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በቡርዖ አካባቢ ተወለደ። በ2022 በሐርጌሳ ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። አብዛኞቻችን የምናውቀው በወጣትነቱ በደረሳቸው የፍቅር ዘፈኖች ነው። በጎልማሳነቱና በሽምግልናው የተናገራቸውን ግን ልጆቻችን አልሰሙም ማለት ይቻላል።

አስቀድሞ ግን፣ ግጥም በሙስሊም ቤት ቦታ አለው ወይ የሚሉን አሉ። ሱረቱ አሽ-ሹዐራእ መጨረሻው ላይ የማይሠሩትን የሚናገሩ፣ በየሸለቆው የሚባዝኑ ገጣሚዎችን ይወቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ አምነው መልካም የሠሩትን፣ አላህን አብዝተው ያወሱትን ለይቶ ያወጣል። ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) በረሡል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሚንበር ተደርጎለት ይገጥም ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው ምን ተባለ፣ ለምንስ ተባለ የሚለው ነው።

«ለምን ተባለ» የሚለው ለሶማሊኛ ግጥም ዋናው ቁልፍ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሊኛው ግን ቤት የሚመታው በቃሉ መነሻ ድምፅ ነው፤ ገጣሚው በ«ደ» ከጀመረ በየስንኙ በ«ደ» የሚነሳ ቃል ሳያጣ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፣ መቶ ስንኝም ቢሆን። ከዚህ ሌላ ሚዛን አለው። የሚዛኑን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ ያወጣው የሐድራዊ ጓደኛ ሙሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) ነው። ይህ አሠራር ግጥሙን በቃል ለመያዝ ይረዳል። የሚያነበንበው ሰው አንድ ቃል መለወጥ አይፈቀድለትም፤ የገጣሚውንም ስም መናገር ግዴታው ነው። ደንቡን ለማያውቅ የከተማ ልጅ ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስለዋል፤ ጥቃቅን አይደለም።

ምክንያቱም አብዛኛው የሶማሊኛ ግጥም አንድ አጋጣሚ ወልዶታል፦ ግመል ተዘርፎ፣ ሰው ሞቶ፣ ሁለት ጎሳ ታርቆ፣ ልጅ ተድሮ። አጋጣሚው ሳይነገር ግጥሙ ብቻውን ሲሄድ አደጋ አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የተጀመረውና ገጣሚዎች እየተመላለሱ የተሰዳደቡበት የግጥም ሰንሰለት «ጉባ» ይባላል፤ ማቃጠል እንደ ማለት ነው። ስሙ እንደሚለውም የጎሳ ቂም ሲያቀጣጥል ኖሯል። የየትኛው ጎሳ እንደሆነ እኛ እዚህ አንናገርም፤ አዋቂዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ሐድራዊ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በልጅነቱ ዐደን ከአጎቱ ዘንድ አድጎ እዚያው አስተምሯል። መንግሥትን በግጥም ተችቶ ከ1973 እስከ 1978 ታሰረ። በ1982 መሣሪያ ካነሳው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቀለ፤ ንቅናቄው ያኔ መቀመጫው በእኛው ድንበር ውስጥ ነበር። ከ1970 እስከ 1990 የገጠማቸው «ሐል-ከራን» በሚል ርእስ በ1993 ኖርዌይ ታተሙ። ይህ ሲሆን ዕድሜው 50 ነበር። እንግዲህ ጦርነት ያየ ሰው ነው፤ በ2003 ግን፣ 60 ሲሞላው፣ ሰዎች አስከትሎ በሶማሊያ ከተሞች በእግሩ እየዞረ ሰላም ጠየቀ። ከዚህ በኋላ የኋለኛ ግጥሞቹን የሚሰማ ሰው ቃሉንና እግሩን አንድ ላይ ይሰማል። «ሲርተ ኖሎሻ»ን የመሰለ፣ ሕይወት ምንድን ናት ብሎ የሚመረምር ግጥሙም ጎልማሳ ጆሮ ይፈልጋል፤ በችኮላ የሚሰማ አይደለም። በ2013፣ በ70 ዓመቱ፣ የተመረጡ ግጥሞቹ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ አንድ ላይ በመጽሐፍ ወጥተዋል። ለትምህርት ቤት ልጆች እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

መጽሐፉን የማያገኝ ቤትስ? ካሴት አለው። በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበዋል። የእኛ ግን በየሣጥኑ አቧራና ሙቀት እየበላቸው ነው፤ የአፍደምን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። የኢሳ ሕግ፣ ሔር ኢሴ፣ በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበው ሽማግሌዎች በቃል ይዘው ስላቆዩት ነው። ግጥሙንም የያዙት እነዚሁ አባቶችና እናቶች ናቸው። ዘንድሮ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ካሴቱን አሰሟቸው፤ ማን እንደገጠመው፣ ለማን፣ በምን ጠብ ወይም በምን እርቅ ላይ እንደሆነ ጠይቁና በሽፋኑ ላይ ጻፉት። የጉባ ዓይነት ከሆነም እንዲሁ ጻፉት፤ ልጁ ሲሰማው የምን ዘመን ቁጣ እንደሆነ ይወቅ። ከዚያ በስልክ ቅዱት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ወሎ መንዙማ እንሻገራለን፣ ኢንሻአላህ።