ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?
የግል የቴክኖሎጂ ሥልጠና፣ አጋርነትና የጥራት ማረጋገጫ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤተ ሙከራ ረዳትነት በወጣ የቅጥር ፈተና ላይ ከመዛኞቹ አንዱ ነበርኩ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የስድስት ወር ሥልጠና ማጠናቀቁን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ያማረ የምስክር ወረቀት አቀረበ። በጠረጴዛው ላይ የ12 ቮልት ባትሪ፣ አምፖልና መልቲሜትር ነበሩ፤ በአምፖሉ ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንት እንዲለካ ጠየቅነው። ወጣቱ መሣሪያውን ወደ አምፔር አዞረና ሁለቱን ገመዶች በቀጥታ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፋቸው። ወዲያው የመልቲሜትሩ ፊውዝ ተቃጠለ።

ኮረንት መለኪያ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ሁልጊዜ ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ መያያዝ እንዳለበት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ወጣቱም በቃል ሲጠየቅ ይህንኑ በትክክል መለሰ! በሥልጠናው ወቅት ግን ለመላው ክፍል የነበረው መልቲሜትር አንድ ብቻ እንደነበረና እርሱም ከአሠልጣኙ እጅ እንዳልወጣ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። የሥልጠናውን ክፍያ የላከችለት ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ነበረች።

ለመሆኑ ያ የምስክር ወረቀት ምን ለካ? ወረቀቱን የሰጠውንስ ተቋም ማን ለካው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በመጠኑ ማብራራት ነው።

ጥራት የማይታይበት ገበያ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ ጽፏል። በአሜሪካ ብልሽቱ የማይታይ መኪና በዘልማድ “ሎሚ” ይባላል። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። በመሆኑም ገዢው ለማንኛውም መኪና አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል። አከርሎፍ ለዚህና ተያያዥ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

ይህንኑ አስተሳሰብ በምሳሌ ወደ ሥልጠና እንውሰደው። አንድ ተቋም በቂ መሣሪያ አሟልቶ፣ ብቁ አሠልጣኝ ቀጥሮ ለአንድ ሠልጣኝ 8,000 ብር ያወጣል እንበል። ሌላው በጥቁር ሰሌዳና በአንድ መልቲሜትር ብቻ እየሠራ 3,000 ብር ያወጣል። ተመዝጋቢው ሁለቱን መለየት ካልቻለ የሚከፍለው ቢበዛ አማካዩን፣ ማለትም 5,500 ብር ነው። በዚህ ክፍያ ደካማው ተቋም ያተርፋል፤ ጠንካራው ግን ይከስራል። ስለዚህ ጠንካራው ወይ ይዘጋል፣ ወይም ወጪውን ቀንሶ ደካማውን ይመስላል። ቀጥሎ ቀጣሪዎች ወረቀቱን ማመን ይተዋሉ፤ ጉዳቱም በትጋት ለተማረው ወጣት ጭምር ይተርፋል። ይህ ሁሉ እንዲሆን ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ጥራት የማይታይ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

የምስክር ወረቀት እንደ መለኪያ መሣሪያ

የፊዚክስ ሰው ማንኛውንም መለኪያ ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። አንደኛ፣ ሊለካው የተፈለገውን ነገር በእርግጥ ይለካልን? ሁለተኛ፣ ልኬቱ ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣልን? የወጣታችን የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያውን ጥያቄ አላለፈም፤ የለካው የማስታወስ ችሎታን እንጂ የእጅን ሙያ አልነበረም።

ለሁለተኛው ጥያቄ ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ ፈተና እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ ያላቸው 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ማለፊያው 10 ነው። ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 1.4 ያህል ነው፤ ይህ ያን ያህል አያሳስብም። አሁን ደግሞ አምስቱን ጥያቄዎች ብቻ፣ ማለትም የትምህርቱን ሩብ ብቻ የሚያውቅ ተፈታኝ እንውሰድ። ከቀሩት 15 ጥያቄዎች ቢያንስ አምስቱን በግምት ማግኘት ይኖርበታል፤ የዚህም ዕድል ከመቶ 31 ይደርሳል። ተቋሙ ሦስት ጊዜ እንዲፈተን ከፈቀደለትና ጥያቄዎቹም በየጊዜው ከተለወጡ፣ በሦስቱም የመውደቅ ዕድሉ 0.69 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.33 ያህል ይሆናል። ስለዚህ የትምህርቱን ሩብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሦስት ሁለት በሚጠጋ ዕድል “ብቁ” ተብሎ ይወጣል። ጥያቄዎቹ ሳይለወጡ ከቀሩማ ስሌቱም አያስፈልግም።

የልኬት ሰንሰለት

በገበያ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ስንገዛ ነጋዴውን የምናምነው ሚዛኑ ከእርሱ ውጪ በሆነ አካል ተፈትሿል ብለን ነው። ያም አካል የሚጠቀምበት የክብደት ድንጋይ ከበለጠ ትክክለኛ ድንጋይ ጋር ተነጻጽሯል። ይህ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2019 ድረስ በፓሪስ አቅራቢያ በሴቭር ይጠበቅ በነበረ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ድብልቅ ይቋጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ወዲህ ግን ኪሎግራም በፕላንክ ቁጥር ላይ ተመሥርቷል። ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሻጭ የራሱን ሚዛን ራሱ አይመሰክርለትም።

በሥልጠናም እንዲሁ ነው። ያሠለጠነው፣ የፈተነውና ወረቀቱን የሰጠው አንድ ተቋም ከሆነ፣ ሠልጣኝ በወደቀ ቁጥር የሚጎዳው የተቋሙ ስም ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ማሳለፍ ያዘነብላል። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ይህንን ለማረም ታስቦ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ውጤት ተኮር አቅጣጫ ተይዟል። በዚህም መሠረት ለየሙያው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የሚዘልቅ የሙያ ደረጃ ተዘጋጅቷል፤ የብቃት ምዘናውም፣ ወጣቶች በተለምዶ “ሲኦሲ” የሚሉት፣ ከአሠልጣኙ ተቋም ተነጥሎ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ የአጭር ጊዜ የኮምፒዩተርና የጥገና ኮርሶች ዛሬም የሚጠናቀቁት ተቋሙ ራሱ በሚሰጠው ወረቀት ብቻ ነው።

አጋርነት ምን ይጨምራል?

የቴክኖሎጂ መሣሪያ ውድ ነው፤ ቶሎም ያረጃል። አንድ የግል ተቋም ብቻውን ሊከተለው አይችልም። እዚህ ላይ ነው ከኩባንያዎች ጋር የሚደረግ አጋርነት የሚያስፈልገው።

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ያጸናው ሥርዓት ሠልጣኙ በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በኩባንያ፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት እንዲማር ያደርጋል። የመጨረሻውን ፈተና የሚያዘጋጁት የሙያና የንግድ ምክር ቤቶች ናቸው፤ በፈታኝ ቡድኑም ውስጥ የአሠሪዎች ተወካዮች፣ የሠራተኞች ተወካዮችና መምህር አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ነው። ኩባንያው ሥርዓተ ትምህርቱን ያቀርባል፤ ትምህርቱን የሚሰጡት የየአገሩ ተቋማት ናቸው። በኔትወርክ ሙያ የሚታወቀው ሲሲኤንኤ የተባለው ፈተና ግን በአሠልጣኙ እጅ አይደለም፤ ምስክርነቱም የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ መታደስ አለበት። መለኪያ በየጊዜው መፈተሽ እንዳለበት ሁሉ ሙያም እንዲሁ ነው።

አጋርነትም ይመዘናል

ይሁን እንጂ “አጋርነት” የሚለው ቃል ራሱ ጥራት አይደለም። የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሠልጣኙ ግን ወደ ኩባንያው በር ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለትብብር ሥልጠና የተላከው ወጣት ወረቀት ሲያባዛና ዕቃ ሲሸከም ወራቱ የሚያልቅበትም አለ። ከዚህም ሌላ በአንድ ኩባንያ ምርት ብቻ የሠለጠነ ሰው ምርቱ ሲለወጥ ሙያውም አብሮት ሊያረጅ ይችላል፤ መሠረታዊው ሳይንስ ከሥልጠናው መጉደል የሌለበት ስለዚህ ነው። አጋሩ በተሰጠው ወረቀት ብዛት ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ከመዛኝነት ይልቅ ወደ ሻጭነት ይጠጋል።

ከመመዝገብ በፊት

ውድ ተማሪዎች፣ ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ልትጠይቁ የሚገባችሁ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የመጨረሻውን ፈተና የሚያዘጋጀውና የሚያርመው ማን ነው? ከፈተናው ምን ያህሉ በእጅ የሚሠራ ነው? ተቋሙ የሚጠራው አጋር ኩባንያ በስልክ ቢጠየቅ ሠልጣኞቹን ያውቃቸዋልን? “ከተመራቂዎቻችን ይህን ያህሉ ሥራ አግኝተዋል” ሲባል፣ የተቆጠሩት ሁሉም ተመራቂዎች ናቸው ወይስ የተገኙት ብቻ?

የመሣሪያውንም ስሌት ራሳችሁ ሥሩ። 60 ሰዓት የተግባር ልምምድ ያለው ኮርስ 30 ሠልጣኞችና 6 መሣሪያዎች ካሉት፣ አምስት ሰው አንድ መሣሪያ ይጋራል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ድርሻ 12 ሰዓት ብቻ ነው። መሣሪያው አንድ ከሆነ ደግሞ 2 ሰዓት ይደርሳችኋል፤ እርሱም አሠልጣኙ ከእጁ ከለቀቀው ነው።

ያንን ወጣት በዚያ ቀን አልቀጠርነውም። ከፈተናው በኋላ ግን ፊውዙን ቀየርኩና መልቲሜትሩን ሰጠሁት። ከባትሪው አንዱን ሽቦ ነቅሎ፣ መለኪያውን በመካከል አስገብቶ፣ ኮረንቱን በትክክል አነበበ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በስድስት ወር ውስጥ አምስት ደቂቃ ያልሰጠው ተቋም፣ የእህቱን የወራት ድካም ግን ሙሉውን ተቀብሎታል።