ከሲኖዶሱ ጉባኤ መልስ

የተወደዳችሁ የማኅበረ ምእመናናችን አባላት፥ በምዕራብ ወለጋ ከተደረገው ከሲኖዶሳችን ጉባኤ በሰላም ከተመለስሁ በኋላ፥ በእሑዱ የአምልኮ ሰዓት ከሰላምታና ከምስጋና በቀር ሌላ ለመናገር ልቤ ስላልተሰበሰበልኝ፥ በዚያ የሰማሁትንና እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝን አንድ ነገር በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወደድሁ።

ጉባኤው እንደ ልማዱ በጸሎትና በመዝሙር ተከፍቶ የየሰበካው ሪፖርት ተነበበ፤ የተጠመቁት፥ ቅዱስ ቁርባን የተቀበሉት፥ አዲስ የተተከሉት ጸሎት ቤቶች፥ የገባው ዐሥራትና መባ በየዓምዱ ተዘረዘረ። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ምእመናኗ ሃያ ሺህ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ የሚያውቅ ሰው፥ ዛሬ ቁጥራቸው ከዐሥር ሚሊዮን ማለፉን ሲሰማ እግዚአብሔርን ሳያመሰግን ሊያልፍ አይችልም፤ እኔም አመሰገንሁ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ግን ከዴዴሳ ቆላ የመጡ አንድ አዛውንት ወንጌላዊ ተራቸው ደርሶ ተነሡና፥ የሪፖርቱን ቅጽ በእጃቸው እንደ ያዙ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ በኦሮምኛ የሚከተለውን ተናገሩ፤ እኔ እንደ ችሎታዬ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። «አባቶቼና ወንድሞቼ፥ በቅጹ ላይ ዘንድሮ ሁለት ሰዎች ተጠመቁ ብዬ ጽፌአለሁ። ነገር ግን በእኔ አካባቢ በወሰን ጠብ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ስመላለስ ቆይቼ፥ ዘንድሮ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆነን የደም ካሳው፥ ጉማው፥ ተከፈለና ታረቁ፤ ልጆቻቸውም አሁን ከብቶቻቸውን አንድ ላይ ይጠብቃሉ። ይህን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?»

ጥያቄአቸው የነቀፌታ አልነበረም፤ በእውነት ዓምዱ ጠፍቶባቸው ጠየቁ እንጂ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢውም «በልዩ ልዩ ይግባ» ብለው ወደሚቀጥለው ሰበካ አለፉ፤ ጊዜው ጠቦ ነበርና በእርሳቸው አልፈርድም።

በዚያች ሌሊት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ነገር በሐሳቤ ሲመላለስ አደረ። ቄስ ጉዲና የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፥ የውጭ አገር ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ ለመስጠት ሲፈቅዱ ለስብከተ ወንጌል ግን እጃቸውን ባጠሩ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያናችን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት ሊከፈል እንደማይገባው፥ ወንጌልን መስበክና ሰውን ከችግሩ ማንሣት አንድ አገልግሎት እንደ ሆነ በግልጥ አስታወቀች። እርሳቸውም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ሕይወታቸውን በግፍ አጡ። እንግዲህ ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣውን ክፍፍል ደፍረን የነቀፍን ሰዎች፥ ዛሬ ማንም ሳያስገድደን፥ በገዛ እጃችን በሠራነው ቅጽ ጥምቀትን በዓምዱ፥ ዕርቅን ከዓምዱ ውጭ አድርገን እናስቀምጣለን። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ወደ ኋላም ብንሄድ፥ ከሐማሴን ተነሥተው ወንጌልን በወለጋ ወዳለችው ቦጂ ያደረሱት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1905 የሞቱት እሳት ከያዘው ቤት ውስጥ ሰው ለማዳን ሲሉ ነበር። የእርሳቸው አገልግሎት በዚያ ምድር የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ በእኛ ቅጽ ቢመዘን ምን ያህል በቀለለ ነበር! ነገር ግን በወለጋ ያሉ ሽማግሌዎች ስማቸውን እስከ ዛሬ በአክብሮት ያነሣሉ።

ይህን ስል ቁጥርን ልነቅፍ አይደለም። ዐሥራቱ ካልተቆጠረ አደራ ይጠፋል፤ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊም በአንድ ቀን የተጨመሩትን ሦስት ሺህ ነፍስ መዝግቦልናል። ይልቁንም የጠፋውን በግ ምሳሌ ሳሰላስል ከዚህ ቀደም ያላስተዋልሁት ነገር ተገለጠልኝ፤ ያ እረኛ አንዱ እንደ ጎደለበት ያወቀው መቶውን ቈጥሮ ስለ ነበር ነው። እርሱ የቈጠረው የቀረውን ለመፈለግ ሲሆን፥ እኛ ግን ያሉትን ለማሳየት እንቈጥራለን።

እናንተም ልታውቁት የሚገባ በደሌ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ እናንተ ባቀረብሁት ሪፖርት፥ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቁጥር ላይ አዲስ የተጠመቁትን ደምሬ ላክሁ እንጂ፥ መዝገቡን ገልጬ ማን እንዳለ፥ ማን እንደ ቀረ በየስሙ አልተመለከትሁም። ከቤተ ክርስቲያናችን የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቁ አንዲት እናት፥ ባላቸውን ከቀበርን ወዲህ ወደ ጸሎት ቤት ሳይመጡ ከዓመት በላይ ሲሆናቸው፥ በእኔ ወረቀት ላይ ግን እንደ ደኅና ምእመን ተቈጥረው ነበር። ከጉባኤው በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ ለምን እንደ ዘገየሁም አልጠየቁኝም። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ግን ከመደቡ ራስጌ ምልክቱ ገብቶበት ተቀምጦ ነበርና፥ ብቻቸውን ሆነው ሲያነቡ እንደ ኖሩ ተረዳሁ።

ስለዚህ ከሽማግሌዎቹና ከዲያቆናቱ ጋር ተነጋግረን የምእመናኑን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በየስሙ ልንመረምር፥ የቀረውንም ሁሉ በየቤቱ ሄደን ልንጠይቅ ወስነናል። በአጠገባችሁ የታመመ፥ ያዘነ፥ ወይም ከጎረቤቱ ተጣልቶ ማኅበሩን የራቀ ሰው ብታውቁ፥ የሰው ገመና ነውና ስሙን በጽሑፍ አታስፍሩ፤ ከአምልኮ በኋላ ለእኔ ወይም በየሰፈራችሁ ላሉት ሽማግሌ በቃል ንገሩ። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ አለሁ፤ መንገዱን የሚያሳየኝ ሰው ከተገኘም በዚያው ቀን እነሣለሁ።