ጭቃው ሲስቅ

ክረምት ሲገባ ቦሌ አራብሳን የሚያማርር ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጭቃዋን ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ደረጃ ወጥቶ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ባለቤቱን ይከተላል። ለልጆች ግን ሲሳይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል ቁጢጥ ብለው ያቦኩታል። አንዱ በሬ ይሠራል፣ አንዷ ጀበና ትሠራለች፣ ሌላው ጉንጩ ያበጠ፣ ምላሱን ያወጣ ሰውዬ ያበጃል። ከሁሉም የሚያስቀው ሰውዬው ነው። ጠጠር ዓይን ይሆነዋል፣ ሣር ፀጉር ይሆነዋል፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ይጣመማል። እናት ከበረንዳ ብቅ ብላ «ና ግባ፣ እጅህን ታጠብ!» እስክትል ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ጨዋታ አድጎ ሙያ የሚሆንበት መንገድ አለ። ከሸክላ አስቂኝ ፊት መቅረጽና ቀለም መቀባት በብዙ አገር እንጀራ የሚያበላ ሥራ ነው። የአበባ ማስቀመጫው ዓይንና አፍንጫ ያወጣል፣ የግድግዳው ጌጥ ጥርሱን ያገጥጣል፣ የቁልፍ መያዣው ያኮርፋል። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት አራብሳ ለገባና ገና በቤት ዕዳ ለተወጠረ ሰው ነገሩ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጥሬ ዕቃው ግን ከደጁ ነው፤ ታሪኩም ቢሆን ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም።

ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት አንሪ ደ ኮንተንሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው ቦታ ሲቆፍር ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ የከብት፣ የቤትና የሴት ምስሎች አግኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ ናቸው። በአክሱም መንግሥት ዘመን ደግሞ ፊቱ ወደ ዕቃው አንገት ወጣ። «የጡብ ቅስቶች መቃብር» ተብሎ በሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በተገኘውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደተሠራ በሚገመተው መቃብር ውስጥ አንገቱ የሴት ራስ የሆነ የሸክላ ማሰሮ ተገኝቷል። ሆዱ እንደማንኛውም ማሰሮ ነው፤ ከትከሻው በላይ ግን ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍና በወጉ የተሠራ ፀጉር አለው። የፀጉሩ አሠራር ዛሬም በትግራይ ከሚታየው ጋር መመሳሰሉን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሠሪዋ ወይም ሠሪው ማን እንደነበሩ የሚነግረን ጽሑፍ የለም። ንጉሥ ድንጋይ ያስጠርባል፣ ስሙን ያስጽፋል፤ ማሰሮ ላይ ፊት የሚያወጣ ሰው ግን ስሙን አያስጽፍም። ይሁንና ውኃ መያዣ ያለ ፊትም ውኃ ይይዝ ነበር። አንድ ሰው ተጨማሪ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሹሩባዋን ክር በክር ያወጣላት ደስ ብሎት መሆን አለበት።

ሌሎችም ሕዝቦች ማሰሮን ያለ ፊት መተው አልሆነላቸውም። በሰሜን ፔሩ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት ሞቼዎች የዛሬ 1500 ዓመት ገደማ የሚስቅ፣ የሚቆጣ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ሳይቀር በመጠጫ ዕቃ ላይ ቀርጸዋል። አንዱን ሰው ከልጅነቱ እስከ ጎልማሳነቱ ደጋግመው የሠሩበትም ጊዜ አለ። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በተባለ ቦታ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በባርነት ይሠሩ የነበሩ አፍሪካውያን ሸክላ ሠሪዎች ዓይኑና ጥርሱ በነጭ አፈር የተሠራ፣ ፊቱን ያጨማደደ ገንቦ ይሠሩ ነበር። ዛሬ እነዚያ ገንቦዎች በታላላቅ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ ይጠበቃሉ። የሚያስቁ ይመስላሉ፤ ትንሽ ቆመው ሲያዩዋቸው ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሸክላ ሰው ሲነሳ ጎንደርን አለመጥራት አይቻልም። ከከተማዋ በስተሰሜን ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ከምጣድና ከጀበናው ጎን ለጎን ለእንግዳ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎችም ይቀርጹ ነበር፤ መጽሐፍ ያቀፈ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የይሁዳ አንበሳ፣ አንድ አልጋ የተጋሩት ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሙያውም አብሯቸው ተሳፈረ። እዚያም ሸክላ መሥራታቸውን የቀጠሉ እናቶች አሉ። በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ምስሎቹን ማበጀት አላቆሙም። በዚያው አካባቢ ያለው የፕላውሼር የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም ሽመናና ጥቁር ሸክላ ያስተምራል።

የወለቃ ሴቶች ጥበብ ግን በአገሩ ክብር አላገኘም። ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ተብላ ትፈራ ነበር፤ በሠራችው ጀበና ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ከእሷ ጋር ማዕድ አይጋራም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሠርቶ አዳሪን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ግን ስድብን በአንድ ቀን አያጠፋም። የዘመኑ ወላጅ ልጁ ጭቃ ሲያቦካ ሲያይ የሚሰማው ቅሬታ ስለ እጅ መቆሸሽ ብቻ መሆኑ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ፊቱ እንምጣ። አስቂኝ ፊት ለመሥራት መጀመሪያ የማያስቀውን ፊት ማወቅ ያስፈልጋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ዓይን ላይ ነው፤ ግንባር ሥር፣ ከላይ ይተክለዋል። መስተዋት ፊት ቆሞ በጣት የለካ ሰው ግን ዓይን የሚገኘው በአናትና በአገጭ እኩሌታ ላይ መሆኑን ያገኘዋል። የፊት ስፋት የአምስት ዓይን ያህል ነው፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን የሚያክል ቦታ አለ። የጆሮ ቁመት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ነው። ይህን ልክ እጁ ያወቀው ሠሪ ልኩን ሆን ብሎ ሲጥሰው ጭቃው መናገር ይጀምራል። ዓይኖቹን ዝቅ አድርጎ ቢያተልቃቸው ፊቱ የሕፃን ይሆናል። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው ሰፊ ግንባር፣ ትልቅ ዓይንና ሙሉ ጉንጭ የሰውን አንጀት የሚበሉ ምልክቶች ናቸው። ዓይኖቹን አቀራርቦ ቅንድቡን ወደ መሃል ቢያወርደው ቁጡ ዘበኛ ይወጣዋል። አንዱን ቅንድብ ብቻ ከፍ ቢያደርግ ሰፈር ውስጥ ሁሉን የሚጠራጠር አንድ ሰው ትዝ ይላል።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ይህን ጨዋታ ከጥንት ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ያያል፤ ክፉው ሰው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በሸክላ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ቅርስ ነው። ከውጭ ፊልም የተቀዳ ፊት ከመደጋገም፣ እነዚያን የተንቦረቀቁ ዓይኖች ለጀበና ወይም ለዕጣን ማጨሻ ቢያውሷቸው ሥራው የት አገር እንደተሠራ ማንም ሳይነግር ይታወቃል።

የአራብሳ ዋልካ ግን ተንኮለኛ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሕንፃ መሐንዲሶች መሠረት ከመጣላቸው በፊት ቆፍረው የሚያስወግዱት በዚሁ ጠባዩ ነው። ልጁ ማታ የሠራው ሰውዬ በነጋታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተሰንጥቆ የሚገኘውም ለዚሁ ነው። የተለመደ የሸክላ ጭቃ ሲደርቅ ከመጠኑ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ያህል ይኮማተራል፤ ዋልካ ከዚያ ይብሳል። መድኃኒቱን ሸክላ ሠሪዎች ያውቁታል፤ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ወቅጦና ነፍቶ መቀላቀል ነው። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ አይኮማተርም፤ ለጭቃው አጥንት ይሆነዋል። ደቃቅ አሸዋም ይረዳል። እንዲያም ሆኖ ለሥራ የሚመረጠው ቀዩ የሸክላ አፈር ነው፤ ዋልካው ለመለማመጃ ይበቃል።

ሌላው ምስጢር ሆድ ነው። የሸክላ ራስ ጥቅጥቅ ብሎ መሠራት የለበትም። ወይ ጋዜጣ ጠቅልሎ በላዩ ላይ ጭቃውን ማልበስ፣ ወይ ከተሠራ በኋላ ከታች ቦርቡሮ ግድግዳውን ማሳሳት ያሻል። አየር ማስወጫ ቀዳዳም ይተውለታል። አፍንጫና ጆሮ ሲለጠፉ ሁለቱም ወገን በሹል ነገር ይጫጫራል፣ በቀጭን ጭቃ ይቀባል፣ ከዚያ ተጭኖ ይያዛል። ዝም ብሎ የተለጠፈ አፍንጫ ሲደርቅ ይወድቃል። ማድረቂያው ጥላ ነው። ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ይሰነጠቃል። በአራብሳ ነፋሻ በረንዳ ላይ ሥራውን በፌስታል ሸፍኖ አንድ ሳምንት መታገሥ ይሻላል።

ከዚያ እሳት ይመጣል፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪውም እዚህ ላይ ይቸገራል። ጭቃ ሸክላ የሚሆነው ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በዚህ ጊዜ አፈሩ ከተፈጥሮው የያዘውን ውኃ ያጣል፣ ዳግመኛም ጭቃ አይሆንም። የቤት ምድጃ እዚያ አይደርስም፤ በግቢ ውስጥ ኩበትና እንጨት ከምሮ ማንደድም ከጎረቤት ያጣላል። ለዚህ ጀማሪው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ምስሉን ሳያቃጥሉ ቀለም ቀብቶ ለጌጥ ብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ውኃ እስካልነካው ድረስ ዓመታት ይቆያል። ሁለተኛው ቀጨኔ መውጣት ነው። በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኘው ይህ ሰፈር የሸክላ ሠሪ እናቶች አገር ነው። ከጀበናቸውና ከድስታቸው ጋር አብረው እንዲያቃጥሉለት ዋጋ ተነጋግሮ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እግረ መንገዱንም ከማንም የማይሰማውን ትምህርት ይሰማል። በሱቅ የሚሸጠው፣ በ130 ዲግሪ ገደማ በቤት ምድጃ የሚጠነክረው ፖሊመር ክሌይም አለ፤ እሱ ግን ስሙ ነው እንጂ አፈር አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው።

ቀለሙ የመጨረሻው ደስታ ነው። ለአገራችን ሸክላ የቆዩት ሁለት ቀለማት ቀይና ጥቁር ናቸው። ቀዩ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት እሳት ሲያይ የሚሰጠው ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ ሸክላው ገና ግሞ ሳለ ገለባ ወይም ቅጠል ውስጥ ታፍኖ ጭሱን ሲጠጣ ይመጣል። ከዚህ ያለፈ ቀለም የፈለገ ሰው አክሪሊክ ይጠቀማል። ቀቢዎች የሚወዱት ዘዴ አንድ ጥቁር ቡናማ ቀለም በውኃ አቅጥኖ ፊቱን ሁሉ መቀባትና ወዲያው በጨርቅ መጥረግ ነው። ቀለሙ ከጉንጭና ከግንባር ይጠረጋል፤ በሽብሽብ፣ በአፍንጫ ሥርና በጥርስ መካከል ይቀራል። ሃምሳ ዓመት ያልኖረ ጭቃ በአምስት ደቂቃ ሽማግሌ ይሆናል። የአፍንጫ ጫፍ፣ ጉንጭና ጆሮ ላይ ትንሽ ቀይ ሲጨመር ደም ይዘዋወርበታል። አክሪሊክ የተቀባ ዕቃ ግን ለመብልና ለመጠጥ አይሆንም።

በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚታዩት የሸክላ ሰዎች አብዛኞቹ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ፣ እንስራ ያዘለች ኮረዳ ናቸው። ጥሩ ናቸው፤ ግን ሁሉም ለቱሪስት ፎቶ የተዘጋጁ ይመስል ፊታቸው ዝም ያለ ነው። የሚያኮርፍ የታክሲ ረዳት፣ የምትጠራጠር ባለሱቅ፣ ዕጣ ወጣለት ሲባል አፉ የተከፈተ ተመዝጋቢ ገና ሠሪ አላገኙም። ከተማዋ ግን እንዲህ ባሉ ፊቶች የተሞላች ናት።

የጥንቱን ሸክላ በዓይኑ ማየት ለሚሻ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ጥቂት የእግር መንገድ። በዕረፍት ቀን ልጆችዎን ይዘው ይሂዱና ከአክሱም ዘመን ሸክላዎች ፊት ያቁሟቸው። ጭቃው እስኪመለሱ ደጅ ይጠብቃቸዋል።